አንድ ጠርሙስ ለጉልበት፣ ለወገብና ለድድ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለ36 ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከሁለት ሳምንት በፊት በጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዓይኔ ያረፈበት ማስታወቂያ ነው። ለጉልበትና ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለወገብ፣ ለዲስክ መንሸራተት፣ ለሪህ፣ ለድድ መድማት ሁሉ በ15 ቀን ፍቱን የሆነ መድኃኒት አለ ይላል። ከሥሩ የስልክ ቁጥርና የአንድ ጠርሙስ ፎቶ አለ። ምን እንደያዘ፣ ማን እንደቀመመው፣ ማን እንደመረመረው አንድም ቃል የለም።

ሦስቱም ሕመሞች እኔ ባደግሁበት ቤት ነበሩ። አባቴ ወገቡን፣ እናቴ ጉልበቷን፣ እኔ ደግሞ ድዴን። ለሦስታችንም ሰፈሩ ያወጣልን ስም ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ "ብርድ ነው" ወይ "ሪህ ነው"። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ አልደበቅንም። ለጎረቤት ተናግረናል፣ ለወጌሻ አሳይተናል፣ ጠበል ተጠምቀናል፣ መድኃኒት ቤት ተመላልሰናል። ስሙን ግን ተሳስተን ነው የጠራነው፤ በዚያ ስህተት ብዙ ዓመት አለፈብን።

አባቴ ከከምባታ ተነሥቶ ወንጂ የገባው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ፋብሪካው በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ከከምባታና ከሐዲያ ለአገዳ ሥራ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። የምንጠጣው ሰፈር ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ነው። ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ውኃ። የአዋሽን ደፍራሽ ውኃ ያየ ሰው የጉድጓዱን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አባቴ ወደ 40 ዓመቱ ሲጠጋ ወገቡ መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ውሎ አድሮ አንገቱም እንቢ አለ። ከኋላው "አባዬ" ብዬ ስጠራው አንገቱን አያዞርም፤ ቆም ይልና ከነትከሻው፣ ከነእግሩ ዞሮ ነው የሚያየኝ። አንድ ቀን አሥር ሳንቲም ከእጁ አምልጣ መሬት ወደቀች። አልጎነበሰም። በግራ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ቀስ እያለ በአንድ ጉልበቱ ወረደና ሳንቲሟን በጣቱ ጫፍ እየሳበ አነሣት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ላነሣለት ስሮጥ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመኝ። ልጁ እንድታየው አልፈለገም መሰለኝ።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ወጌሻ በቅቤ አሸው። ዋግምት ታገመ። ሶደሬ ቅርባችን ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ እየሄደ ፍል ውኃው ውስጥ ይዘፈዘፍ ነበር፤ ሙቀቱ ለሦስት ለአራት ቀን ያላላዋል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። ተመልሶ የሚጠጣው ግን ያንኑ የጉድጓድ ውኃ ነው። ከሶደሬ በጀሪካን ቀድቶ ያመጣውንም "መድኃኒት ነው" እያለ የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። በስምጥ ሸለቆ የሚፈልቁ ብዙ ፍል ውኃዎች ከጉድጓዱ የማይሻሉ መሆናቸውን ማን ይንገረው?

ኋላ ላይ አንድ ሐኪም የጀርባውን ኤክስሬይ አስነሥቶ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አየው። አብሬው ገብቼ ስለነበር እኔም አየሁ። አጥንቱ ከልክ በላይ ነጥቷል፤ አከርካሪውን ከአከርካሪ የሚያያይዙት ጅማቶች፣ እንደ ልብ መለጠጥ የሚገባቸው፣ ራሳቸው አጥንት ሆነዋል። ሐኪሙ "ፍሎሮሲስ ይባላል፤ ከውኃው ነው" አለን። ብርድም ሪህም አልነበረም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሳይንስ ስላስተማርሁ ነገሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በስምጥ ሸለቆ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሸከማል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ወሰን ብዙ እጥፍ ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን ውኃ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ላይ ይከማችበታል። የወንጂ ሠራተኞች ሕመም በሐኪሞች ተጠንቶ የተጻፈ ጉዳይ ነው፤ ውኃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች የተተከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንባቢዎቻችሁ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ የምመኘው ይህንን ነው። ፍሎራይድ ሲያፈሉት አይጠፋም። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ውኃ አጋር ቢጨመርበት ጀርም ይሞታል እንጂ ፍሎራይዱ ንቅንቅ አይልም፤ ተራ ማጣሪያም አይዘውም። የሚይዙት እንደ አጥንት ከሰልና ለዚሁ የተሠራ አልሙና ያሉ ነገሮች ናቸው። ካልሆነም የጉድጓዱን ትቶ ከሌላ ምንጭ መጠጣት፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀምም ይቻላል። እናቴ "አፍልቼ ነው የማጠጣችሁ" እያለች ስንት ዓመት ማገዶ ፈጀች።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ ነበር። የእኔ ቡናማ ነው፤ የፊት ጥርሶቼ ላይ ዝገት የመሰለ መስመር አለ። ወገቤ ግን ደህና ነው። ያው አንድ ውኃ ነው ሁለታችንንም ያገኘን፤ ያገኘን ግን በተለያየ ዕድሜ ነው። ፍሎራይድ የጥርስን ቀለም የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አባቴ ያን ዕድሜ ከምባታ ጨርሶ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ በ18 ዓመቴ ለመምህርነት ሥልጠና ወንጂን ለቅቄ ወጣሁ፤ ወገቤን ያተረፈልኝ ያ ነው። ከምንጃር ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ወደ እኛ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከእኔው እንስራ እየጠጣች አድጋ ጥርሷ ነጭ ነው። በልጅነቴ ይህን ባለማወቄ "እሷ ንጹሕ ስለሆነች፣ እኔ ቆሻሻ ስለሆንሁ ነው" ብዬ አምን ነበር።

የድዴ ነገር የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ጥርሴን ነጭ ለማድረግ ያልፋቅሁበት ነገር የለም። ከሰል ወቅጬ፣ አመድ በጨው ለውሼ፣ የክትክታ መፋቂያ ጫፉን ሳላለሰልስ፣ አንዳንድ ቀንም በጡብ ዱቄት። ቀለሙ ግን በጥርሱ ላይ የተቀባ ሳይሆን አብሮት የተሠራ ነውና በመፋቅ አይለቅም። የሚለቀው ድድ ነው። ድዴ ከፊት ጥርሶቼ እየሸሸ ሥራቸው ወጣ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እስከ ጭንቅላቴ ይሰማኝ ጀመር። መፋቂያን እያማረርሁ አይደለም። ወይራም ሆነ ክትክታ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን እንደ ድስት ነበር የምፈትገው።

ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ድዴ መድማት ጀመረ። ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ደም አያለሁ። ያማከርኋቸው ሁሉ "ሲደማ አትነካኪው፣ ይረፍ" አሉኝ፤ እኔም ብሩሹን ተውሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ይህ ነበር። ድድ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ ጀርም የሞላበት የሚያጣብቅ ቆሻሻ ስለሚከማች ነው። ቆሻሻው ካልተጠረገ ይደድርና ሐኪሞቹ ታርታር የሚሉት ድንጋይ ይሆናል፤ ያንን ብሩሽ አያነሣውም። ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይደማል። እዚህ ላይ ከተደረሰበት ይድናል፤ ታርታሩ በባለሙያ ተነሥቶ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ በደንብ ከተቦረሸ መድማቱ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ከታለፈ ግን ቁስሉ ወደ ውስጥ ይወርድና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ያ አጥንት ተመልሶ አይበቅልም።

እኔ የሄድሁት ከታለፈ በኋላ ነው። ወጣት ሐኪም ነበረች። ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ በድዴና በጥርሴ መሐል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፤ ነርሷ ትጽፋለች። "ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት..." እስከ ሦስት ያለው ጤነኛ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ። ስድስትና ሰባት ማለት በጥርሴ ጎን ኪስ ተበጅቶ፣ ብሩሽ በማይደርስበት ጥልቀት ጀርም ይኖርበታል ማለት ነው። "እናቴ፣ ስንት ዓመት ደማዎት?" አለችኝ። ስድስት ዓመት ስላት ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝን ግን አልጠበቅሁትም። "ውኃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሣሉ?"

ሁለቱም ነበረብኝ፤ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ ባዶ ሆዴን ስለካ ስኳሬ 212 ሆነ። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። ስኳርና ድድ እርስ በርስ እንደሚባባሱ፣ ስኳሩ ካልተያዘ ድድ እንደማይድን፣ የቆሰለ ድድ ደግሞ ስኳሩን እንደሚያስቸግር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት፤ ያን የማስታወቂያ ጠርሙስ ገዝቼ አፌን ብጉመጠመጥበትና ደሙ ለጊዜው ቢቆምልኝ ስኳሩን ማን ያይልኝ ነበር?

ብዙ ሰው "ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል" እያለ ይሸሻል። እኔም ከታጠብሁ በኋላ ሁለት ጥርሴ ሲነቃነቅ ሐኪሟን ክፉኛ ወቅሻት ነበር። እውነቱ ግን ጥርሱ የላላው አስቀድሞ ነው፤ ታርታሩ እንደ ሲሚንቶ ይዞት ስለነበረ አይታወቅም ነበር። አጥቢው አጥንቴን አልበላውም፤ ያ ድንጋይ ሥር የነበረው ጀርም ነው የበላው። ከሁለቱ አንዱ ተነቀለ፣ አንዱ እስከ ዛሬ አለ።

እናቴ የምንጃር ሰው ናት፤ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። መልኳ ላይ ያምር ነበር፤ ጥቁር ድድ ላይ ነጭ ጥርስ። "ድድ ያጠነክራል፣ እንዳይደማ ያደርጋል" ብለው ነው የነቀሷት። ሐኪሟን ስጠይቃት ንቅሳቱ እንደማያጠነክር፣ ይልቁንም የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን በሽታው ሳይታይ እንደሚቆይ ነገረችኝ። መርፌውን ለብዙ ሴቶች በጋራ መጠቀሙ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የተነቀሱ እናቶች ያሏችሁ ቀለሙን ሳይሆን ደሙን ጠብቁ።

አሁን ስለ እናቴ ጉልበት። እናቴ የአገዳ ሥራ አልሠራችም፤ ውኃ ተሸከመች፣ ከምጣድ ሥር ተቀምጣ ተነሣች፣ ስምንት ልጅ ወለደች። ሃምሳዋን ስታልፍ ጉልበቷ ይቆረጥማት ጀመር። ቁርጥማቱ የሚብሰው ቁልቁለት ስትወርድና ወደ ማታ ነው። ጠዋት ትንሽ ያስራታል፤ ቡና ቆልታ እስክታፈላ ድረስ ይለቃታል። ይህ የጉልበት መፋቅ የሚባለው ነው፤ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲያልቅ የሚመጣ። ከመገጣጠሚያ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ሰፈሩ ግን "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ" አላት። ተወች። ምስርም ባቄላም አብራ ተወች። ስምንት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር የሌላውን ሰሐን እያየች ጎመን በላች። ጉልበቷ ግን አልተሻለውም፤ ሪህ አልነበረማ!

ትክክለኛውን ሪህ ያየሁት በጎረቤታችን በከባድ መኪና ሾፌሩ ላይ ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእግሩ አውራ ጣት ሕመም ነቃ። ጣቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ እሳት ይፋጃል፤ አንሶላ ሲነካው ይጮኻል። ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ሲረጋ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቢራና ሥጋ የሚያባብሱት ይህንን ነው። ሾፌሩ ቢራና ሥጋ ቢተው ይጠቅመዋል። እናቴ ሥጋ መተዋ ምን ጠቀማት? ለእሷ የሚረዳት የነበረው ሌላ ነው፤ የጭኗን ጡንቻ ማጠንከር፣ ክብደቷን መቀነስ፣ ከመሬት ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ። በአንድ ጥናት እንደተለካው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንስለታል። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያነሣችና እያወረደች ሠራች፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ መሄድ ጀመረች።

ከዚያ በፊት ግን ልናጣት ነበር። አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ወረቀት፣ በየሳምንቱ ዲክሎፌናክ ይወጋት ነበር። መርፌው ሕመሙን ስለሚያጠፋላት "የእጁ መድኃኒት" ትለው ነበር። አንድ ጠዋት ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ራሷን ስታ ወደቀች። ጨጓራዋ እየደማ ነበር። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣት። ዲክሎፌናክ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለጥቂት ቀን፣ ጨጓራና ኩላሊት ታይቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው። የእናቴን ዕድሜና የደም ግፊቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

የጠርሙሱ ነገር ከምንም በላይ የሚያስፈራኝ ስለዚህ ነው። "በ15 ቀን" የሚል ተስፋ ከየት ይመጣል? በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አርትሪ ኪንግ በሚል ስም ለመገጣጠሚያ የሚሸጥን "ተፈጥሯዊ" ክኒን ሲመረምር በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን አግኝቶበታል። ዴክሳሜታዞን ሕመሙን በአንድ ቀን ያጠፋል፤ ሰውየው ዳነ ይባላል። ለወራት ሲወሰድ ግን ስኳር ያወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፤ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰው ይጥላል። በማስታወቂያችሁ ላይ ያለው ጠርሙስ እንዲህ ያለ ነገር አለበት አልልም። ከወረቀቱ ላይ ግን የለበትም ማለትም አይቻልም።

ሁለት ሰዎችን ሳላነሣ ብቀር ሕሊናዬ ይወቅሰኛል።

አንዷ አብራኝ ያስተማረች መምህርት ናት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ መያዝ አትችልም ነበር። የሁለቱም እጆቿ ጣቶችና አንጓዎች ጠዋት አብጠው ይውላሉ፤ እስከ አራት ሰዓት አይታጠፉም። ጠመኔውን በመዳፏ ጨብጣ እንደ ሕፃን ስትጽፍ አይቻታለሁ። እሷንም "ብርድ ነው፣ ጓንት አድርጊ" አልናት፤ እኔም ካሉት አንዷ ነኝ። ሰውነት በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሕመም መሆኑ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ክኒን ተጀምሮላት ሕመሙ ቆመ፤ አስቀድመው የተጣመሙት ጣቶቿ ግን አልተቃኑም። በጊዜ ቢጀመርላት ኖሮ ጣቶቿ ይተርፉ ነበር። እንግዲህ የጠዋቱ መታሰር እናቴን ቡና እስኪፈላ ድረስ ይለቃታል፣ መምህርቷን ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይይዛታል፤ ይህ ልዩነት ብቻውን ስንት ነገር ይናገር ነበር!

ሌላው ተማሪዬ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ነበር። ወገቤን እያለ ሦስት ወር ከረመ። ማታ ማታ ያልበዋል፣ ልብሱ ሰፋው። ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። ወጌሻን አልንቅም፤ ስንቱን ውልቃት መልሰውልናል። የዚያ ልጅ ሕመም ግን የአከርካሪ ቲቢ ነበር፤ በእሽት የሚነካ አይደለም። ጀርባው ላይ እብጠቱን ያየሁት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሸሚዙን ሲያወልቅ ነው። መድኃኒቱን ለረጅም ወራት ወስዶ ዳነ፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ጀርባው ላይ ግን ትንሽ ጉብታ ቀርታለች።

አብዛኛው የወገብ ሕመም እንደ አባቴም እንደ ተማሪዬም አይደለም። ከባድ ነገር ሲነሣ ወይም ብዙ ሰዓት ሲቀመጡ የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻላል። ለዚህ አልጋ ላይ መዋል ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅምም፤ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው። ምርመራ ላይ ዲስክ ታየ ተብሎም መደንገጥ አያስፈልግም፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ይታያል። ነገር ግን ወገብ የሚያመው ሰው ትኩሳት ካለው፣ ከከሳ፣ ሌሊት ሕመሙ ካላስተኛው፣ እግሩ ከዛለ፣ በተለይ ደግሞ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ከብት አርቢዎች አካባቢ ደግሞ ያልተፈላ ወተት ጠጥቶ ትኩሳቱ እየተመላለሰ ወገቡንና መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው ብሩሴላ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊሆንበት ይችላል፤ ለሐኪሙ ወተቱን መንገር አለበት። አባቴ ስለ ሥራው እንጂ ስለሚጠጣው ውኃ ተጠይቆ አያውቅም ነበር።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋዜጣችሁ ማስታወቂያ ሳይቀበል እንደማይኖር አውቃለሁ። መድኃኒት ነኝ የሚል ነገር ሲመጣ ግን ከመቀበላችሁ በፊት የተመዘገበበትን ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀት ከሌለው ገጹን አትስጡት። ሁለተኛ፣ ከዚያው ገጽ ላይ በሳምንት ሩብ ያህሉን ለአጥንት፣ ለመገጣጠሚያና ለጥርስ ሐኪሞች፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ስጡልን። በየጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ለመጠየቅ የሚፈሩ እናቶች፣ ከእነሱ ይበልጥ ደግሞ ለእናቶቻቸው የሚያነቡላቸው ልጆች አሉ። በስምጥ ሸለቆ ከዝዋይ እስከ መተሐራ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ አንባቢ ካላችሁ፣ ውኃው ተለክቶ እንደሆነ የወረዳውን ውኃ ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቅ ንገሩልኝ። ልጁ ገና ስምንት ዓመት ካልሞላው አሁኑኑ ይጠይቅ።

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚህ አዳማ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን ውኃ ጠጥቶ ያደገ ነው። ባለፈው ሳምንት የታች የፊት ጥርሱ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል። በየጠዋቱ አፉን ከፍቶ እንድመለከትለት ይመጣል፤ ጫፏ ነጭ ናት።

ማስታወቂያውን ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ኮፒውን ልኬላችኋለሁ። ያመጣውን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መልሱን በዚሁ ገጽ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዳማ